አባ ኢየሱስ ሞዓና የሐይቁ ደለል

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያመራው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የአምባሰል ተራሮች በቅርብ በሚታዩበት ሥፍራ፣ ሐይቅ የምትባለው ከተማ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ካለው ውሃ ነው። ይህ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያረፈ፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጥልቀቱም በአንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር የሚያልፍ ነው። በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ከዙሪያው ተራሮችና ማሳዎች ታጥቦ የሚገባው አፈር ወደ ሌላ አገር ሳይሻገር እዚያው ከሥሩ ይቀመጣል። ወደ ሐይቁ ውስጥ ዘልቃ በገባች ምድር ላይ ደግሞ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ዛሬ በእግር የሚደረስባት ይህች ምድር ቀድሞ በውሃ የተከበበች ደሴት ነበረች።

ይህን ገዳም የትምህርት ማዕከል አድርገው ስሙን በመላው ኢትዮጵያ ያስጠሩት በ13ኛው መቶ ዓመት የኖሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። እኚህ አባት ካረፉ ከ700 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሕይወታቸውን በሰፊው የሚተርከው ገድላቸው የተጻፈው እርሳቸው ካረፉ ከረጅም ዘመን በኋላ ነው። ስለዚህ ታሪካቸውን የሚመረምር ሰው የተለያዩ ምስክሮችን ማነጻጸር ግድ ይሆንበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በብራና ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ነው። ሌላው እርሳቸው በኖሩበት ዘመን ከዙሪያው ምድር ታጥቦ በሐይቁ ሥር የተነጠፈው ደለል ነው። የመጀመሪያው ስለ ሰውዬው ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለኖሩበት አገር ይናገራል። ሁለቱም በየዘመናቸው እየተደራረቡ የመጡ በመሆናቸው፣ የትኛው ንብርብር የየትኛው ዘመን መሆኑ ካልታወቀ ሁለቱም ያሳስታሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

አባ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ዳኅና በተባለው አገር እንደሆነ ይነገራል። ጊዜው የዛጔ ነገሥታት የሚገዙበት፣ የመንግሥቱም ማዕከል በላስታ የነበረበት ዘመን ነው። የቤተ ክርስቲያን ከፍተኛ ትምህርት በዚያን ጊዜ የሚገኘው በአብዛኛው በሰሜን፣ በትግራይ ጥንታውያን ገዳማት ነበር። ከአማራም ሆነ ከሸዋ ተነሥቶ ምንኩስናንና መጻሕፍትን በሚገባ ለመማር የፈለገ ወጣት ብዙ ቀን ተጉዞ ወደዚያ መሄድ ነበረበት። ይህ ርቀት የአባ ኢየሱስ ሞዓን ሥራ ዋጋ ለመገመት ዋና ነጥብ ነው።

በትውፊት እንደሚነገረው ዕድሜያቸው 30 ዓመት ሲሆን ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። ደብረ ዳሞ ዙሪያው ገደል የሆነ፣ በገመድ ካልሆነ በቀር የማይወጣበት አምባ ነው፤ የገዳሙም መሥራች ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ናቸው ተብሎ ይታመናል። በዚያ ጊዜ የገዳሙ አበምኔት የነበሩት አባ ዮሐኒ ወጣቱን ተቀብለው አስተማሯቸው። በደብረ ዳሞ ሰባት ዓመት ያህል በሥራ፣ በጸሎትና በትምህርት አሳለፉ።

የገዳም ትምህርት ከመጻሕፍት ሥራ አይለይም ነበር። የፍየልና የበግ ቆዳ ይፋቃል፣ በእንጨት ይወጠራል፣ ብራናው ይሰመራል፣ ቀለሙ ይበጠበጣል፣ ከመቃ የተቀረጸ ብዕር ይዘጋጃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጽሕፈቱ የሚጀመረው። አንድን ትልቅ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ብዙ እንስሳትና የብዙ ወራት ድካም ያስፈልጋል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በኋላ በሐይቅ ላሰባሰቧቸው መጻሕፍት የሰጡት ክብር ከዚህ ልምድ የመጣ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። መጽሐፍ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው እንዳይጠፋ መጠንቀቁ አይቀርም።

በሐይቅ እስጢፋኖስ

ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናት መሠረት አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደ ሐይቅ የመጡት በ1248 ገደማ ነው። በደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሞ ነበረ። የአካባቢው ትውፊት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በ9ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ድል ነዓድ ዘመን እንደተመሠረተ ይናገራል። ይሁንና አባ ኢየሱስ ሞዓ ሲደርሱ ያገኙት በሚገባ የተደራጀ ገዳም ሳይሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያገለግል አነስተኛ የካህናት ማኅበር ነበር። እርሳቸው በዚያ የምንኩስናን ሥርዓት አጸኑ፤ ገዳሙን ለወንዶች መነኮሳት ብቻ የተለየ አደረጉት፤ ይህም ሥርዓት እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ከሁሉ በላይ ግን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርት ቤቱ ከአማራ፣ ከሸዋና ከሌሎችም አውራጃዎች ወጣቶችን ሳበ። ቀድሞ እስከ ትግራይ መሄድ የነበረበት ተማሪ አሁን በመካከለኛው ኢትዮጵያ መምህርና መጻሕፍት አገኘ። ይህ ለውጥ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ከሐይቅ የወጡት መነኮሳት ወደየአገራቸው ተመልሰው ወይም አዲስ አገር አቅንተው ሌሎች ገዳማትን መሠረቱ። የእነዚያም ተማሪዎች እንደገና ሌሎችን መሠረቱ። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት በደቡብና በምዕራብ ለታየው የክርስትና መስፋፋት መነሻ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ይህ ደሴት ነበር።

ከደቀ መዛሙርቱ መካከል ስማቸው ከሁሉ የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሸዋ ተነሥተው ወደ ሐይቅ መጡ፤ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥር ዘጠኝ ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ መምህራቸው ራሳቸው ወደተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። በመጨረሻም ወደ ሸዋ ተመልሰው በ1284 ገደማ ደብረ አስቦን፣ ማለትም በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ፤ በ1313ም ዐረፉ። ሌላው ስመ ጥር ደቀ መዝሙር አባ ኂሩተ አምላክ በጣና ሐይቅ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱ ናቸው። ገዳሙ በሐይቅ ደሴት ላይ መሆኑና በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም መጠራቱ የመምህሩን ቤት የሚያስታውስ ነው።

መጻሕፍቱ

የአባ ኢየሱስ ሞዓን ዘመን በተመለከተ ከማንኛውም ትውፊት ይልቅ የጸና ማስረጃ የሚሆነው አንድ የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ እስከ ዘመናችን በሐይቅ እስጢፋኖስ ተጠብቆ ቆይቷል። በውስጡ የሚገኘው ማስታወሻ መጽሐፉን ለገዳሙ የሰጡት አባ ኢየሱስ ሞዓ መሆናቸውን ያመለክታል፤ ዘመኑም ከ1280 እስከ 1281 ባለው ጊዜ ላይ ይውላል። ዓመታቸው በእርግጠኝነት ከሚታወቅ ሥዕል ያላቸው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መካከል ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። ከሥዕሎቹ መካከል የአባ ኢየሱስ ሞዓ ምስል ስሙ ተጽፎበት ይታያል። ሥዕሉ መቼና በማን ፈቃድ እንደተሣለ የኪነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ሲከራከሩበት ቆይተዋል፤ ቢሆንም በአገራችን ከሚታወቁት የአንድ ታሪካዊ ሰው ምስሎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ መሆኑ አያጠራጥርም።

በ1970ዎቹ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ለማንሣት በተቋቋመው ድርጅት አማካይነት ይህ ወንጌል በ1832 ቁጥር ተመዝግቦ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። በመጽሐፉ ባዶ ገጾች ላይ በተለያዩ ዘመናት የተጻፉ የርስት፣ የንብረትና የስጦታ ማስታወሻዎች ይገኛሉ። ወንጌል የተከበረ መጽሐፍ በመሆኑ እንደ መዝገብ ቤት ያገለግል ነበር፤ በእርሱ ላይ የተጻፈ ውል በቀላሉ አይፋቅም፣ አይካድም። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ብቻ የብዙ ትውልድን የአስተዳደር ጽሑፍ ይዞ ይገኛል። አጥኚው የእያንዳንዱን ማስታወሻ የእጅ ጽሕፈት፣ ቀለምና ቋንቋ መርምሮ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደተጻፈ መለየት አለበት።

መንግሥትና ገዳም

በ1270 የዛጔ መንግሥት አከተመ፤ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ነገሡ። የአዲሱ ንጉሥ ኃይል መነሻ ከሐይቅ በማይርቀው በአማራ ምድር ስለነበረ፣ ገዳሙ ከለውጡ ጋር የቅርብ ግንኙነት እንደነበረው ታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። የሐይቅ ትውፊት ይኩኖ አምላክ በልጅነታቸው በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ እንደተማሩ፣ ሲነግሡም ለመምህራቸው ውለታ የዐቃቤ ሰዓትነትን ማዕረግ ለገዳሙ አበምኔት እንደሰጡ ይተርካል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ግን መንግሥቱ እንዲመለስ ያደረጉት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላል፤ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ ስለሚባለው የሢሶ ርስትም የሚነገረው ከእርሳቸው ስም ጋር ተያይዞ ነው።

ታደሰ ታምራት ሁለቱን ወገኖች መዝነው የሐይቁ ትረካ ለጊዜውና ለቦታው ይበልጥ እንደሚስማማ አሳይተዋል። የደብረ ሊባኖስ ትረካ የገነነው ገዳሙ ራሱ በኋለኞቹ መቶ ዓመታት በቤተ መንግሥት ታላቅ ሥልጣን ካገኘ በኋላ ነው። የምንኩስና ቆብና አስኬማ ማን ለማን ሰጠ በሚለው የትውልድ ሐረግ ላይም ሁለቱ ቤቶች የሚናገሩት አንድ አይደለም። ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ቀዳሚነት ያለው ገዳም በቤተ መንግሥት መቀመጫ፣ በርስትም ድርሻ ያገኝ ነበርና፤ የመምህርና የደቀ መዝሙር ታሪክ እንደ ሕጋዊ ማስረጃ ይቆጠር ነበር። በዚህ ምክንያት ኋላ የመጣው ትውልድ ያለፈውን ታሪክ በራሱ ዘመን ፍላጎት አነበበው፤ አልፎ አልፎም ጨመረበት።

የዐቃቤ ሰዓትነት ማዕረግ ግን በወሬ ብቻ የቀረ አልነበረም። የሐይቅ አበምኔቶች በዚህ ማዕረግ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት ከንጉሡ አጠገብ ከሚቀመጡት ታላላቅ ሰዎች መካከል ነበሩ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ራሳቸው ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1285 ካረፉም በኋላ በሕይወት ቆይተው፣ በልጃቸው በዐፄ ይግባ ጽዮን ዘመን፣ በ1292 ገደማ ዐረፉ። በሐይቅ የኖሩበት ጊዜ 44 ዓመት ያህል ይሆናል። በዓላቸው በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

ከእርሳቸው በኋላ ገዳሙ ደስታም መከራም አይቷል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሐይቁ ውስጥ ስላለችው ደሴት፣ ስለ መነኮሳቱ፣ ስለ ሎሚና ብርቱካን ዛፎቻቸው ጽፏል፤ መነኮሳቱም በቅል በተንሳፈፈ የደንገል ታንኳ እንደሚሻገሩ ገልጿል። በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር በደረሰ ጊዜ የገዳሙ ሀብት ተወሰደ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ግን ተርፎ ለእኛ ዘመን ደረሰ።

የደለሉ ምስክርነት

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ከብራናና ከአፈ ታሪክ የተገኘ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደሴቱ ሆነው ሲመለከቱ በዙሪያቸው ያዩት ተራራ ምን ይመስል እንደነበረ ግን ገድላቸው አይነግረንም፤ የገድል ጸሐፊ ዓላማው ይህ አይደለምና። ጥያቄው የሚመለሰው ከሐይቁ ሥር ነው።

ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ የሚያመጣው አፈር በቅንጣቱ መጠን እየተለየ ይቀመጣል። ከ0.063 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው አሸዋ ይባላል፤ ከ0.002 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው የሸክላ ደቃቅ ነው፤ በመካከል ያለው ልም ደለል ነው። አንድ ቅንጣት በውሃ ውስጥ የሚሰጥምበት ፍጥነት እንደ ውፍረቱ ካሬ ስለሚለዋወጥ፣ የሸክላው ቅንጣት ከደቃቁ አሸዋ 1,000 ጊዜ ያህል ይዘገያል። 80 ሜትር ጥልቀት ባለው በረጋ ውሃ ውስጥ ደቃቁ አሸዋ በጥቂት ሰዓት ከሥር ሲደርስ፣ የሸክላው ቅንጣት ለብቻው ከሆነ ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ አሸዋው በወንዝ አፍና በዳር ይቀራል፤ ደቃቁ ጭቃ ወደ መካከል ይጓዛል። በሐይቁ መካከል በተወሰደ የደለል ዓምድ ውስጥ ድንገት ሻካራ ንብርብር ቢገኝ፣ ኃይለኛ ጎርፍ መጥቶ ነበር፣ ወይም የውሃው ዳር ቀርቦ ነበር፣ ወይም የተራራው አፈር ሽፋኑን አጥቶ ነበር ማለት ይሆናል።

ዘመኑን የሚለኩት ደግሞ ጨረር የሚያመነጩ አቶሞች፣ ማለትም ራዲዮኑክሊዶች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ግማሽ ዕድሜ ስላለው ሁሉም ለአንድ ዓይነት ሥራ አይውሉም። እርሳስ 210 ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት ገደማ ነው። በድንጋይና በአፈር ውስጥ ካለው ራዲየም የሚወጣው የራዶን ጋዝ በአየር ላይ ሲበሰብስ ይወለዳል፤ ከዝናብና ከአቧራ ጋር ወርዶ በደለል ቅንጣት ላይ ይጣበቃል። ለመጨረሻዎቹ 100 ወይም 150 ዓመታት መልካም ሰዓት ነው። ሲዚየም 137 ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ሲሆን ከኑክሌር ፍንዳታ የመጣ ነው፤ በደለል ውስጥ መታየት የጀመረው በ1950ዎቹ፣ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰውም በ1963 ገደማ ስለሆነ፣ ያ ንብርብር እንደ ቀን ማስታወሻ ያገለግላል።

በውቅያኖስ ዳርቻ፣ በአህጉራት ጠርዝ ባለው ጥልቀት በሌለው የባሕር ወለል ላይ የሚከማቸውን ጭቃ የሚያጠኑ ሊቃውንትም በእነዚሁ መሣሪያዎች ይጠቀማሉ። ከወንዞች የሚወጣው ደቃቅ ጭቃ የት እንደሚያርፍ፣ በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያድግ የሚታወቀው የቅንጣት መጠንና የራዲዮኑክሊድ ልኬት ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። ጎን ለጎን መነበባቸውም ምክንያት አለው። ደቃቁ ቅንጣት ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ገጽ ስላለው ከአሸዋ ይልቅ ብዙ እርሳስና ሲዚየም ይሸከማል። የቅንጣቱን መጠን ሳይለካ የጨረሩን መጠን ብቻ የሚያነብ ሰው፣ የአፈሩን መሻከር የዕድሜ ለውጥ አድርጎ ይወስደዋል። በባሕር ወለል ላይ ትሎችና ሌሎች እንስሳት ጭቃውን ስለሚቆፍሩት አዲሱ ከአሮጌው ይደባለቃል፤ ይህም ካልታወቀ ደለሉ ከእውነተኛው ይልቅ ፈጥኖ ያደገ ይመስላል። የኋለኛው ትውልድ አሳብ ወደ ቀደመው ታሪክ ገብቶ በተደባለቀበት ገድል ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ለአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን እርሳስም ሲዚየምም አይጠቅሙም። ሲዚየሙ ገና አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ከአየር የወረደውም እርሳስ ከ30 በላይ ግማሽ ዕድሜ ስላለፈበት የሚለካ ነገር አልቀረውም። ለዚህ ዘመን የሚያገለግለው ካርቦን 14 ነው። ዊላርድ ሊቢና ባልደረቦቹ በ1949 ይፋ ያደረጉት፣ ለሊቢም በ1960 የኖቤል ሽልማት ያስገኘው ይህ ዘዴ በ5,730 ዓመት ግማሽ ዕድሜ ላይ የተመሠረተ ነው። በ1270 ከተቆረጠ እንጨት ካርቦን 14 ውስጥ ዛሬ ከ100 እጅ 91 ያህሉ ይገኛል፤ ጉድለቱ ትንሽ ቢሆንም በሚገባ ይለካል። የሐይቅ ውሃ ግን አልፎ አልፎ ከድንጋይና ከከርሰ ምድር የመጣ አሮጌ ካርቦን ስለሚይዝ፣ በውሃው ውስጥ ካደገው ፍጥረት ይልቅ ከየብስ የገባ ቅጠልና የእንጨት ስባሪ ይመረጣል።

በዚህ ዘዴ ዘመኑ በተለካ ደለል ላይ የተመሠረተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር አሳተሙ። ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከሐርድቦ ሐይቅ በተወሰደው ደለል ውስጥ ያለውን የአበባ ብናኝና ከሰል ቆጥረው የመጨረሻዎቹን 3,000 ዓመታት የዕፅዋት ታሪክ አቀረቡ። ውጤቱ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ተራራውን ሸፍኖ የነበረው የዝግባና የጥድ ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ ነው። በምትኩ የክትክታ ቁጥቋጦና የሣር ምድር መጣ፤ ይህም 1,800 ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ደግሞ የጥድ ደን ከወይራ ጋር እንደገና ተስፋፋ፤ አጥኚዎቹ ምክንያቱ የሕዝብ ቁጥር መቀነስና የዝናብ መጨመር ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። ባለፉት 300 ዓመታት ደኑ እንደገና ተመነጠረ፤ አፈሩም ታጠበ።

ይህ ሁሉ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ሕይወት ጋር ሲገናዘብ አንድ የተለመደ አስተያየት ይፈርሳል። የጥንት መነኮሳት ሰው ወዳልነካው ጥቅጥቅ ደን ገብተው ገዳም ተከሉ የሚለው ሥዕል ለሐይቅ አይስማማም። በ1248 ገደማ አባ ኢየሱስ ሞዓ የደረሱበት አገር ደኑ ከተመነጠረ ከ1,500 ዓመት በላይ የሆነው፣ ክትክታ የበቀለበት፣ ሣር የለበሰ አገር ነበር። ይህም የገዳሙን ታሪክ ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ብዙ ተማሪዎችን መመገብ፣ ለብራና የሚሆን ፍየልና በግ ማግኘት፣ ከነገሥታት ወገን ጋር መቀራረብ የሚቻለው ሰውና ከብት በበዛበት አገር ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከሰው የራቁት በውሃው ብቻ ነበር፤ ከዳሩ ማዶ ገበሬውና እረኛው ነበሩ።

አልቫሬዝ በ1520 ያየውም አገር አባ ኢየሱስ ሞዓ ያዩት አልነበረም፤ በመካከሉ ጥዱ ተመልሶ ማደግ ጀምሯልና። በአንድ መንገደኛ ጽሑፍ ብቻ ተመሥርቶ አገሪቱ ሁልጊዜ እንዲህ ነበረች ማለት የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው። መሬቱ በቀጥታ ከደን ወደ ምድረ በዳ አልሄደም፤ ሄዷል፣ ተመልሷል፣ እንደገና ሄዷል። ከመመለሱም የምንማረው ነገር አለ፤ አፈሩ ካለ ጥድና ወይራ ዳግመኛ ሊበቅሉ መቻላቸው በዚያው ደለል ተመዝግቧል።

ማጠቃለያ

የሐይቁ መዝገብ በ13ኛው መቶ ዓመት አልቆመም። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ከዚሁ ሐይቅ በተወሰደ ደለል 15,600 ዓመት ወደኋላ ተጉዟል። በቅርቡም ዘመን ብዙ ነገር ተለውጧል። ደሴቷ ከየብስ ጋር ተያይዛለች። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በ1978 ከገባ ወዲህ ለብዙ ሰዎች መተዳደሪያ ሆኗል። ባክስተርና ጎሎቢች በ1970 ባሳተሙት ጥናት ጥርት ያለ ሆኖ የተገለጸው ውሃም ከዚያ በኋላ በአልጌ ብዛት አረንጓዴ እየሆነ መጥቷል። እነዚህ ለውጦች ሁሉ በላይኛው የደለል ንብርብር እየተጻፉ ነው። ያንን ገጽ የሚያነቡት እርሳስ 210ና ሲዚየም 137 ናቸው፤ ከየማሳው በየዓመቱ የሚታጠበውን አፈር በሚሊ ሜትር ቆጥሮ ለገበሬውና ለአስተዳዳሪው ማስረዳት የሚቻለውም በዚሁ መንገድ ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳማቸው በሰጡት ወንጌል ላይ ዘመኑ ተጽፎ ባይገኝ ኖሮ፣ ስለ እርሳቸው የሚነገረው አብዛኛው ነገር በየገዳሙ ክርክር መካከል ተንሳፍፎ በቀረ ነበር። በእርግጠኝነት የታወቀ አንድ ዓመት በሌላው ትውፊት ሁሉ ላይ ሚዛን ሆኖ አገልግሏል። ከጭቃ ውስጥ ዘመን የሚፈልግ ባለሙያም የሚደክመው ለእንዲህ ያለ አንድ የጸና ነጥብ ነው። መነኩሴው በብራና፣ ሐይቁ በደለል ያስቀመጡት መዝገብ ዛሬም በአንድ ሥፍራ ይገኛል። የመጀመሪያውን መነኮሳቱ በጦርነትና በረኀብ ዘመን ሳይቀር ጠብቀው ለትውልድ አስረክበዋል። ሁለተኛውን ማንበብ፣ የሚነግረንንም ሰምቶ በተራራው ላይ የቀረውን አፈር ማዳን የዚህ ትውልድ ባለሙያዎች ፈንታ ነው።